ኢንፍሉዌንዛ የሙከራ እንስሳትን ሳንባ እንዴት ይጎዳል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በኢንፍሉዌንዛ በተያዘች የቤተ ሙከራ አይጥ ሳንባ ውስጥ ቫይረሱ ጫፍ የሚደርሰው በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ነው። አይጧ በጣም የምትታመመው ግን ከሳምንት በኋላ ነው። ያን ጊዜ አብዛኛው ቫይረስ ጠፍቷል። ታዲያ ሳንባዋን እየጎዳ ያለው ማን ነው? ከታች ያሉት ጥያቄዎች ዞረው ዞረው ወደዚህች የጥቂት ቀናት ክፍተት ይመለሳሉ።

ኢንፍሉዌንዛ ጉንፋን ማለት አይደለም እንዴ?

በንግግር ሁለቱንም ጉንፋን እንላቸዋለን። በሕክምና ግን ይለያያሉ። ተራው ጉንፋን በራይኖቫይረስና በሌሎች ብዙ ቫይረሶች ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ያበቃል። ኢንፍሉዌንዛ የራሱ ቫይረስ አለው፤ ወደ ሳንባ ሊወርድና ሊገድል ይችላል። እዚህ የማወራው በአብዛኛው ስለ ኢንፍሉዌንዛ ኤ ነው። በእንስሳት ላይ በብዛት የተጠናውም እሱ ነው።

ሰው እየታመመ ለምን በእንስሳት ይጠናል?

የታመመ ሰው ሐኪም ቤት የሚመጣው ከተያዘ ከቀናት በኋላ ነው። መቼ እንደተያዘ በትክክል አያውቅም። ስንት ቫይረስ እንደተነፈሰም አያውቅም። ከሕያው ሰው ሳንባ በየቀኑ ቁራጭ መውሰድ ደግሞ አይታሰብም። የሞተ ሰው ሳንባ ቢመረመር የሚያሳየው የታሪኩን መጨረሻ ብቻ ነው። መሐሉ ይጠፋል።

በእንስሳ ሙከራ ግን ሰዓቱ ይታወቃል፣ መጠኑም ይታወቃል። በአንደኛው፣ በሦስተኛው፣ በአምስተኛው፣ በስምንተኛው ቀን ሳንባውን ማየት ይቻላል። መግቢያው ላይ የጠቀስኩት ክፍተት የታየው በዚህ መንገድ ነው። በታመመ ሰው ላይ ብቻ ቢፈለግ ኖሮ ይህን ያህል ጥርት ብሎ መታየቱን እጠራጠራለሁ።

የትኞቹ እንስሳት ናቸው የሚያገለግሉት?

ታሪኩ ከፌሬት ቢጀመር ይሻላል። ፌሬት ቀጭን፣ ረዘም ያለ ሰውነት ያለው ትንሽ ሥጋ በል እንስሳ ነው። በ1933 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዊልሰን ስሚዝ፣ ክሪስቶፈር አንድሪውስ እና ፓትሪክ ሌይድሎው የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ከታመሙ ሰዎች የጉሮሮ እጥበት ወስደው በፌሬቶች አፍንጫ ጨመሩ። ፌሬቶቹ ትኩሳት ያዛቸው፣ አስነጠሱ፣ ንፍጣቸው ወረደ። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው እንዲህ ነው። ፌሬቶቹ ተመራማሪዎቹ በሚሠሩበት ተቋም ውስጥ የነበሩት ዲስቴምፐር ለሚባለው የውሻ በሽታ ምርምር ነበር። ሌላ እንስሳ በእጃቸው ቢኖር ኖሮ ግኝቱ ምናልባት ዓመታት ይዘገይ ነበር። በ1936 ደግሞ አንድ ተመራማሪ ፌሬት አስነጥሶበት በዚያው ቫይረስ መታመሙ ተዘገበ። ከዚያ በኋላ ግንኙነቱን የሚጠራጠር ሊኖር አይችልም።

ፌሬት ለምን ሰውን መሰለ? ቫይረሱ ሴል ላይ የሚጣበቀው ሲያሊክ አሲድ በሚባል የስኳር ዓይነት በኩል ነው። ይህ ስኳር ከሥሩ ጋር የሚያያዝበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። የሰው ኢንፍሉዌንዛ አንዱን ይመርጣል፣ የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ሌላውን። በፌሬት የአየር ቧንቧ ውስጥ የሁለቱ አቀማመጥ ከሰው ጋር ይቀራረባል። ችግሩ ፌሬት ውድ ነው፤ ሰፊ ቦታም ይፈልጋል። ለአይጥ የተሠሩት ብዙ የምርመራ ግብዓቶች ለእሱ የሉም።

ስለዚህ አብዛኛው ሥራ የሚሠራው በአይጥ ነው። አይጥ ትንሽና ርካሽ ናት፤ ጂኖቿንም አንድ በአንድ እያጠፉ ምን እንደሚሆን ማየት ይቻላል። ሳንባን ማን እንደጎዳው ለማወቅ ይህ ትልቅ መሣሪያ ነው። ግን አይጥ በኢንፍሉዌንዛ ስትታመም አታስነጥስም። ትኩሳትም አይዛትም፤ እንዲያውም የሰውነቷ ሙቀት ይወርዳል። ፀጉሯ ይቆማል፣ ጥግ ይዛ ትኮራመታለች፣ ትከሳለች። አብዛኞቹ የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረሶች እንዳሉ ቢሰጧት ብዙም አያሳምሟትም። በአይጥ ሳንባ ውስጥ ደጋግመው አልፈው መላመድ አለባቸው። በዓለም ቤተ ሙከራዎች በብዛት የሚሠራበት ፒአር8 የተባለው ቫይረስ በ1934 በፖርቶ ሪኮ ከሰው የተገኘና በኋላ ከአይጥ ጋር የተላመደ ነው።

ጊኒ ፒግ ብዙም አትታመምም፤ ቫይረሱን ግን ለጎረቤቷ በደንብ ታስተላልፋለች። በ2007 የወጣ ጥናት ቫይረሱ በቀዝቃዛና በደረቅ አየር ይበልጥ እንደሚተላለፍ ያሳየው በእሷ ነው። ስለ ሳንባ ጉዳት ግን ብዙ አትነግረንም። አሳማ በተፈጥሮው በኢንፍሉዌንዛ የሚያዝ እንስሳ ነው። የሳንባው መጠን ለሰው ይቀርባል፤ ሪቻርድ ሾፕ የአሳማ ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስን ያገኘው ከእንግሊዞቹ ቀደም ብሎ በ1931 ነበር። ማካክ የሚባሉት ዝንጀሮዎች ለሰው የቀረቡ ናቸው። በጣም ውድ በመሆናቸውና በሥነ ምግባር ምክንያት በጥቂቱ ነው የሚሠራባቸው።

ቫይረሱ እንዴት ነው የሚሰጣቸው?

ተራ ጥያቄ ይመስላል። ግን የብዙ ጥናቶች ውጤት የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። አይጧን አደንዝዞ 30 ወይም 50 ማይክሮሊትር ፈሳሽ በአፍንጫዋ ጠብ ቢያደርጉላት ቀጥታ ወደ ሳንባዋ ትስበዋለች። ሳትደነዝዝ 5 ወይም 10 ማይክሮሊትር ቢሰጣት ደግሞ አብዛኛው አፍንጫዋ ውስጥ ይቀራል። ቫይረሱ ያው ነው፣ አይጧም ያችው ናት። አንደኛዋ በሳንባ ምች ትሞታለች፣ ሌላኛዋ እምብዛም ሳትታመም ታልፋለች።

ሰው በተፈጥሮ ሲያዝ ግን ቫይረሱ በአብዛኛው ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። እንዲህ በአንድ ጊዜ ጥልቅ ሳንባውን አያጥለቀልቀውም። ስለዚህ የአይጥ ጥናት ሲያነቡ መጀመሪያ የሚታየው ነገር ምን ያህል ፈሳሽ እንደተሰጠና አይጧ ደንዝዛ እንደነበር ቢሆን ጥሩ ነው።

ቫይረሱ ሳንባ ውስጥ ከገባ በኋላ ምን ያደርጋል?

መጀመሪያ የሚያገኘው የአየር ቧንቧውን የሚያለብሱትን ሴሎች ነው። ብዙዎቹ ጥቃቅን ፀጉሮች አሏቸው። ፀጉሮቹ ሳይቋረጡ ይወዛወዛሉ፤ አቧራና ጀርም የያዘውን ንፍጥም ወደ ላይ ይገፋሉ። ቫይረሱ ሴሉ ውስጥ ገብቶ ይባዛል። ሴሉ ይሞታል፣ ይላጣል፣ የሞቱት ሴሎችም ቀጫጭኖቹን ቧንቧዎች ይደፍናሉ። ጠራጊ ከሌለ ቆሻሻው እዚያው ይከማቻል።

ከዚያ ወደ አየር ከረጢቶቹ ይወርዳል። ኦክስጅን ወደ ደም የሚገባው እዚህ ነው። ግድግዳቸው በጣም ስስ ነው። የሚያለብሷቸው ሴሎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዓይነት ጠፍጣፋ ነው፤ አየርና ደም የሚለዋወጡት በእሱ በኩል ነው። ሁለተኛው ዓይነት ድቡልቡል ነው፤ ከረጢቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው እንዳይከደኑ የሚያደርገውን ቅባት ያመርታል። የጠፍጣፋው ሴል ተተኪም እሱ ነው። ቫይረሱ ሁለተኛውን ዓይነት ሲያጠቃ ጉዳቱ እጥፍ ነው፤ ቅባቱም ይቀንሳል፣ ጠጋኙም ይሞታል።

አንድ ሴል የሚሞትበት መንገድም ለውጥ ያመጣል። አንዳንዱ ሴል ራሱን ጠቅልሎ በጸጥታ ይሞታል፤ በዙሪያው ያሉት ብዙም አይረበሹም። ሌላው ይፈነዳል። ሲፈነዳ ውስጡ ያለው ሁሉ ይፈስሳል፣ ለበሽታ መከላከያውም የአደጋ ጥሪ ይሆናል። ይህ በፍንዳታ የሚሆነው ሞት ኔክሮፕቶሲስ ይባላል። በአይጥ ሳንባ ውስጥ ለእብጠቱ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ታይቷል።

እንግዲያው ሳንባውን የሚጎዳው ቫይረሱ ነው ወይስ የራሱ መከላከያ?

ሁለቱም፤ ግን በአንድ ጊዜ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የቫይረሱ ናቸው። ሴል ይገድላል፣ መንገድ ይደፍናል። አይጧ ግን ገና ደህና ትመስላለች፤ ትበላለች፣ ትሯሯጣለች።

የተያዙት ሴሎች ወዲያው ኢንተርፌሮንና ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ይረጫሉ። መጀመሪያ ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ይደርሳሉ። ቀጥሎ ሞኖሳይት የሚባሉ ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች ከመቅኒ በደም ተጭነው ይመጣሉ። ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ ቲ ሴሎች በብዛት ይገባሉ፤ እየዞሩም ቫይረስ የያዘውን ሴል ይገድላሉ። አይጧ ክብደቷ የሚያሽቆለቁለው በዚህ ጊዜ ነው። በስምንተኛውና በዘጠነኛው ቀን ከሁሉም የባሰ ትሆናለች። ቫይረሱ ግን በዚያው ሰሞን እየጠፋ ነው።

ሞኖሳይቶች የሚያደርጉት ነገር በተለይ ይገርማል። ሳንባ ሲደርሱ ትሬል የሚባል ፕሮቲን ያወጣሉ። ይህ ፕሮቲን የነካውን የሳንባ ሴል ራስህን ግደል ብሎ ያዘዋል። ትእዛዙ የሚደርሰው ለተያዙት ሴሎች ብቻ አይደለም። አጠገባቸው ያሉ ጤነኛ ሴሎችም ይሞታሉ። እነዚህ ሞኖሳይቶች ወደ ሳንባ የሚመሩበት ሲሲአር2 የሚባል ተቀባይ የሌላቸው አይጦች ሳንባቸው ብዙም አይጎዳም፤ ከሞትም ይበልጥ ይተርፋሉ።

ይህን ስሰማ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ መከላከያው ባይኖር ኖሮ የሚል ነበር። ይህም ተሞክሯል። ታይመስ የሚባለው እጢ የሌላቸው፣ ማለትም ቲ ሴል የማያፈሩ አይጦች አሉ። ኢንፍሉዌንዛ ሲይዛቸው የሳንባቸው እብጠት ያነሰ ነው፤ ቶሎም አይሞቱም። ግን ቫይረሱን ማጥፋት አይችሉም። ቀናት ይቆጠራሉ፣ ቫይረሱ ይቆያል፣ በመጨረሻ እነሱም ይሞታሉ። ሞቱ ዘገየ እንጂ አልቀረም።

ታዲያ መከላከያውን ትንሽ ማፈን አይሻልም?

የትኛውን ክፍል? መቼ? ምን ያህል? ከባዱ እሱ ነው። ኒውትሮፊሎች ሳንባ ይጎዳሉ ተብሎ ሙሉ በሙሉ ሲወገዱ የአይጦቹ በሽታ ባሰ። ሲሲአር2 የሌላቸው አይጦች ቢተርፉም ሳንባቸው ውስጥ የቫይረሱ መጠን ጨምሯል። እንደ ኮርቲኮስቴሮይድ ያሉ ሁሉን አፋኝ መድኃኒቶች ደግሞ በኢንፍሉዌንዛ የተያዙ ሰዎችን በተመለከቱ ጥናቶች ከመዳን ይልቅ ከሞት መጨመር ጋር ተያይዘው ታይተዋል።

ተስፋ የሚሰጡት አንዷን ነገር ለይተው የሚነኩት ናቸው። በ2011 የታተሙ የአይጥ ጥናቶች የደም ሥርን ውስጠኛ ሽፋን የሚነካ መድኃኒት የሳይቶካይኑን ማዕበል እንደቀነሰና ሞትንም እንዳሳነሰ አሳዩ። የሳይቶካይኑ ትልቅ አዛዥ የደም ሥሩ ሽፋን መሆኑም ያኔ ታወቀ። በ2024 ደግሞ ከላይ ያነሳሁትን የሴል ፍንዳታ የሚያግድ መድኃኒት በአይጥ ተሞከረ። ሳንባው ከጉዳት ተረፈ፤ ቫይረሱን ማጥፋቱም አልተስተጓጎለም። ዘግይቶ ሲሰጥ እንኳ ጠቅሟል። እኔን ያስደሰተኝ የመጨረሻው ነው። በሽተኛ የሚመጣው ዘግይቶ ነውና።

ሳንባ ውሃ የሚሞላው ለምንድን ነው?

ሁለት ነገሮች ይገጣጠማሉ። አንደኛ፣ የከረጢቱና የደም ሥሩ ግድግዳ ሲጎዳ ፕሮቲን ያዘለ ፈሳሽ ከደም ወደ አየር ከረጢቱ ይሰርጋል። ሁለተኛ፣ ፈሳሹን የሚያወጣው ሥርዓት ይደክማል። ጤነኛ ሳንባ ሶዲየምን ከከረጢቱ እየሳበ ያስወጣል፤ ውሃም ተከትሎት ይወጣል። ኢንፍሉዌንዛ ሶዲየም የሚያልፍባቸውን በሮች ሥራ ይቀንሳል። መግቢያው ሰፋ፣ መውጫው ጠበበ ማለት ነው። በከባድ ኢንፍሉዌንዛ የሞተች አይጥ ሳንባ ጥቁር ቀይና ከባድ ይሆናል፤ ጉበት ይመስላል።

የ1918ቱ ቫይረስ ተመልሶ ተሠርቷል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በ1918 ዓለምን ያዳረሰውን የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ያመጣው ቫይረስ ነው። ዮሃን ሁልቲን የተባለ ሐኪም በ1951 እና እንደገና በ1997 በአላስካ ብሬቪግ ሚሽን በምትባል መንደር፣ መሬቱ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ከሆነበት መቃብር የሳንባ ናሙና አወጣ። በሁለተኛው ጊዜ የተገኘው ናሙና ጄፍሪ ታውበንበርገርና ባልደረቦቹ የቫይረሱን የዘር መረጃ እንዲያሟሉ ረዳቸው። በ2005 ደግሞ ቴረንስ ተምፒ በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ቫይረሱን መልሶ ሠራው፤ ጥብቅ ጥበቃ ባለበት ቤተ ሙከራ።

አይጦቹ ላይ የታየው ያስደነግጣል። የሰው ኢንፍሉዌንዛ አይጥን ለማሳመም መላመድ አለበት ብያለሁ። ይኸኛው አላስፈለገውም። አንዳንዶቹ አይጦች በሦስት ቀን ሞቱ። በአራተኛው ቀን ሳንባቸው ውስጥ የነበረው ቫይረስ ለንጽጽር ከተወሰደው የዘመናችን ቫይረስ 39,000 እጥፍ ይበልጥ ነበር። በ2007 ካናዳ ውስጥ በማካኮች ሲሞከር ደግሞ የመጀመሪያው መስመር መከላከያ ከቁጥጥር ወጥቶ ተገኘ። ኢንተርፌሮኑ በሚፈለገው ጊዜና መጠን አልተነሣም፤ እብጠት የሚያመጡት ሳይቶካይኖች ግን ሳያቋርጡ ፈሰሱ። በሌሎች ቫይረሶች ጉዳቱ በየተራ ይመጣል፣ መጀመሪያ ቫይረሱ፣ ቀጥሎ መከላከያው። በዚህኛው ሁለቱም ተደራረቡ።

ብዙ ሰው የሚሞተው በባክቴሪያ ነው ይባላል። ታዲያ ቫይረሱ ምን አደረገ?

በር ከፈተ። በ1918 ከሞቱት ሰዎች የተቀመጡ የሳንባ ናሙናዎች ሲመረመሩ አብዛኞቹ የባክቴሪያ የሳንባ ምች ነበረባቸው። ይህ በአይጥ በግልጽ ተደግሟል። አይጧ መጀመሪያ በመጠኑ ኢንፍሉዌንዛ ይሰጣታል። ከሰባት ቀን በኋላ ፕኒውሞኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ይጨመርባታል። ለየብቻቸው ቢሰጧት ሁለቱንም ትቋቋማለች። ተከታትለው ሲመጡ ግን ትሞታለች። ሰባተኛው ቀን ከሁሉ የከፋው ሆኖ መገኘቱን ልብ ይበሉ፤ አሁንም ያችው ክፍተት ናት።

ምክንያቱ ብዙ ነው። ጠራጊዎቹ ፀጉሮች የሉም። የቫይረሱ ኒውራሚኒዳዝ የተባለ ፕሮቲን የሴሉን ስኳር ሲቆርጥ ባክቴሪያው የሚጣበቅበት ቦታ ይገለጣል። ቲ ሴሎች ቫይረሱን ለመዋጋት የሚረጩት ኢንተርፌሮን ጋማ ደግሞ ባክቴሪያ የሚውጡትን ማክሮፋጆች ያደክማል። በአንዳንድ የአይጥ ዝርያ እንዲያውም የሳንባው ነባር ማክሮፋጆች በመጀመሪያው ሳምንት ከ90 በመቶ በላይ ያልቃሉ። በሌላ ዝርያ ይህን ያህል አያልቁም። በአንድ ዝርያ ብቻ የተሠራ ጥናት ሲጠቀስ ስለዚህ እጠነቀቃለሁ።

ጉዳቱ በምን ይለካል?

ቀላሉ ሚዛን ነው። አይጧ በየቀኑ ትመዘናለች። ለኦክስጅን መጠን አንገቷ ላይ የሚታሰር ትንሽ መለኪያ አለ። ሳንባው በጨው ውሃ ታጥቦ በእጥበቱ ውስጥ ያለው ፕሮቲንና ሴል ይቆጠራል፤ ፕሮቲን በዝቶ ከተገኘ ግድግዳው አፍስሷል ማለት ነው። ሳንባውን እርጥቡን መዝኖ፣ አድርቆ እንደገና መመዘን የፈሳሹን ብዛት ይናገራል። ከዚያ በቀለም የተነከረ ስስ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ይታያል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኢንፍሉዌንዛ ጉዳት ሳንባውን እኩል አያዳርስም፤ እዚህ ተጎድቶ እዚያ ጤነኛ ነው። የአይጥ ቀኝ ሳንባ አራት ክፍል፣ ግራው አንድ ክፍል አለው። ከአንዱ ብቻ ቁራጭ የወሰደ ሊሳሳት ይችላል።

ከበሽታው የተረፈ እንስሳ ሳንባው እንደ ድሮው ይሆናል?

ጉዳቱ መጠነኛ ከሆነ አዎ፣ በጣም ይቀርባል። የተረፉት የሁለተኛው ዓይነት ሴሎች ይባዛሉ፤ ከፊሎቹ ጠፍጣፋ ሆነው የሞቱትን ይተካሉ። አንዳንድ የመከላከያ ሴሎችም ሚናቸውን ይለውጣሉ። አምፊሬጉሊን የሚባል የጥገና ፕሮቲን ያመርታሉ። እሱን የሚያመርቱ ሴሎች ሲወገዱ የአይጦቹ ሳንባ በደንብ አይጠገንም። መከላከያውን ሁሉ እንደ ጠላት ማየት የማይገባው በዚህም ጭምር ነው።

ጉዳቱ ሲከፋ ታሪኩ ይለወጣል። ሁለተኛው ዓይነት ሴል ባለቀበት ቦታ የሚደርሱት ከአየር ቧንቧው በኩል የሚመጡ ሌሎች ሴሎች ናቸው። ክፍቱን ቦታ ቶሎ ይሸፍናሉ። ግድግዳው እንዳይፈስ ያደርጋሉ። ግን የአየር ከረጢት ሴል ወደመሆን እምብዛም አይለወጡም። በአይጥ ሳንባ ውስጥ ከወራት በኋላም እንደ እጥፋት ተሰብስበው ይገኛሉ። አየር አይለዋወጥባቸውም። በዙሪያቸውም ጠባሳ ይኖራል። ቫይረሱ ከሄደ ቆይቷል፣ አይጧም ክብደቷን መልሳለች፣ ሳንባዋ ግን ያው አይደለም። ከከባድ ኢንፍሉዌንዛ ያገገመ ሰው ደረጃ ሲወጣ ለምን እንደሚያለከልክ የሚጠይቅ ሁሉ ይህን ሥዕል ቢያይ ደስ ይለኛል።

ዕድሜና ውፍረት ለውጥ ያመጣሉ?

ያመጣሉ። በቅባት ምግብ የወፈሩ አይጦች ከቀጫጭኖቹ ይበልጥ ይሞታሉ። ያረጁ አይጦችም እንዲሁ። ነፍሰ ጡር አይጦችም ይበልጥ ይጎዳሉ። በሰውም የሚታየው ይኸው ነው። የሚያሳዝነው ግን አብዛኛው ጥናት የሚሠራው በወጣትና ጤነኛ አይጥ መሆኑ ነው። በኢንፍሉዌንዛ በብዛት የሚሞቱት ግን አረጋውያን ናቸው።

አይጥን ያዳነ መድኃኒት ሰውን የማያድነው ለምንድን ነው?

አንዱ ምክንያት ጂን ነው። ዣን ሊንደንማን በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድ የአይጥ ዝርያ ኢንፍሉዌንዛን እንደሚቋቋም አስተዋለ። ሰውየው በ1957 ከአሊክ አይዛክስ ጋር ኢንተርፌሮንን ያገኘው ነው። የዚህ መቋቋም ምንጭ በኋላ ኤምኤክስ1 የተባለ ጂን ሆኖ ተገኘ። በብዛት የሚሠራባቸው የቤተ ሙከራ አይጦች ይህ ጂን ተበላሽቶባቸዋል። ሰው ግን የዚህ አቻ የሆነ የሚሠራ ጂን አለው። ስለዚህ ለአሥርት ዓመታት ኢንፍሉዌንዛን ያጠናነው አንድ ዋና ጋሻዋን በተነጠቀች አይጥ ነው።

ሌላው ጊዜ ነው። በሙከራ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ቫይረሱ ከመሰጠቱ በፊት ወይም በሰዓታት ውስጥ ነው። ኦሴልታሚቪር የተባለው ፀረ ቫይረስ መድኃኒት በአይጥም በሰውም ይበልጥ የሚጠቅመው ቶሎ ሲጀመር ነው። ቫይረሱ ሥራውን ጨርሶ መከላከያው ሲረከብ ቫይረሱን ማገድ ብቻውን ሳንባውን አያድነውም።

የወፍ ኢንፍሉዌንዛ በእንስሳት ሳንባ ላይ ለምን ይከፋል?

ኤች5ኤን1 የተባለው የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የሚወደው የስኳር ዓይነት በሰው አፍንጫና ጉሮሮ ጥቂት ነው፤ በጥልቁ የአየር ከረጢት አካባቢ ግን አለ። ከላይ በቀላሉ ስለማይጣበቅ ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ አይተላለፍም። ጥልቁ ጋ ከደረሰ ግን ቀጥታ ጋዝ መለዋወጫውን ያገኛል።

በ2024 በቴክሳስ አንድ የወተት እርባታ ሠራተኛ ከላሞች ተይዞ ዓይኑ ቀላ፤ ሳንባው አልታመመም። ከእሱ የተወሰደው ቫይረስ ለፌሬቶች ሲሰጥ ግን ሁሉም ሞቱ። በቀጥታ ንክኪ በደንብ ተላለፈ፤ በአየር በኩል ግን ያነሰ ነበር። ይህን ውጤት አንዱ ለማስፈራራት፣ ሌላው ለማጣጣል ሲጠቀምበት አያለሁ። ፌሬቶቹ የሰጡት መረጃ ቫይረሱ ሳንባ ውስጥ በብዛት ከገባ ምን ማድረግ እንደሚችል ነው። ሰውየው የተያዘበት መንገድ ደግሞ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባት በዓይን፣ ምናልባት በትንሽ መጠን።

እንስሳቱ ይሠቃያሉ፤ ሌላ መንገድ የለም?

ይሠቃያሉ፤ ይህን መሸፋፈን አልፈልግም። ሥቃዩን ለመቀነስ ደንቦች አሉ። በ1959 ዊልያም ራስልና ሬክስ በርች ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት እንስሳን በሌላ መተካት፣ ቁጥሩን መቀነስና አያያዙን ማሻሻል የተቋማት ግዴታ እየሆነ መጥቷል። በኢንፍሉዌንዛ ሙከራ አብዛኛውን ጊዜ አይጧ እስክትሞት አይጠበቅም። ክብደቷ ከ20 እስከ 25 በመቶ ከወረደ ያለ ሕመም እንድታልፍ ይደረጋል። ስለዚህ በጥናቶች ውስጥ ሞተች የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ይህን መስመር አለፈች ማለት ነው።

መተኪያዎችም አሉ። ከቀዶ ሕክምና የተረፈ የሰው ሳንባ በስሱ ተቆርጦ ለቀናት በሕይወት ይቆያል፤ ቫይረስም ይሰጠዋል። ከግንድ ሴል የሚያድጉ ትናንሽ የሳንባ ቅርጾች አሉ። በ2010 ሃርቫርድ ውስጥ የተሠራው፣ የሰው የሳንባ ሴሎች የሚያድጉበት ትንሽ ቺፕ ደግሞ በአንድ ወገን አየር፣ በሌላው ፈሳሽ እያለፈበት እንደሚተነፍስ ሳንባ ይለጠጣል። እነዚህ የሰው ሴሎች ናቸውና ቫይረሱ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት የሚያደርገውን ከአይጥ በተሻለ ያሳያሉ። ሞኖሳይት የሚልክ መቅኒ ግን የላቸውም። ቲ ሴል የሚያሰለጥን እጢም የላቸውም። እስካሁን ስምንተኛውን ቀን ለማየት የሚቻለው ሙሉ አካል ባለው እንስሳ ውስጥ ነው።